ባቡር ሲያልፍ ለሚነሱ ሰዎች አንድ አግዳሚ ወንበር

ግልጽ ደብዳቤ

ለባቡር መስመርና ለባቡር ጣቢያ ኃላፊዎች በሙሉ

ጉዳዩ፦ በሐዲድ ዳር መቀመጫ እንዲኖረን ስለመጠየቅ

የተከበራችሁ ኃላፊዎች፣

ይህን ደብዳቤ የምጽፈው ስለ አንድ አግዳሚ ወንበር ነው። የእንጨት ወንበር ነው። ቀለሙ ለቋል፤ አንድ እግሩም ትንሽ ያነክሳል። ለዓመታት የቆመው በአንድ ጣቢያ መድረክ ጫፍ፣ መንገደኛ በማይደርስበት በኩል ነበር። አባቴና ጓደኞቹ ከሰዓት በኋላ እዚያ ይቀመጡ ነበር። ከጥቂት ወራት በፊት ወንበሩ ተነሳ። ለምን እንደተነሳ የነገራቸው የለም። ሲጠይቁ፣ "ትኬት የሌለው ሰው እዚህ አይቀመጥም" ተባሉ፤ አለቀ።

የጣቢያውን ስም አልጠራም። ማንንም ለመክሰስ አልተነሳሁም። ከሌሎች ጡረተኞች ልጆችም ተመሳሳይ ነገር ሰምቻለሁ፤ ስለዚህ ደብዳቤው ለሁላችሁም ነው። ሐዲድ ለምታስተዳድሩ፣ ጣቢያ ለምትመሩ፣ አጥር የት እንደሚቆም ለምትወስኑ።

አባዬ ነጂ አልነበረም። "ምድር ባቡር ይሠራ ነበር" ስል ሰው ሁሉ ነጂ ይመስለዋል። እሱ ሐዲድ ጠጋኝ ነበር። ብሎን ያጠብቃል፣ ጠጠር ይሞላል፣ ከሐዲዱ ሥር የበሰበሰውን እንጨት አውጥቶ አዲስ ያስገባል። ከዚያ የቀረውን ቀን በእግሩ እየሄደ ሐዲዱን በዓይኑ ይፈትሻል። ዝናብ አይል፣ ሐሩር አይል። ዛሬም ሲራመድ እርምጃው አጭርና እኩል ነው፤ ከአንዱ እንጨት ወደ ቀጣዩ እንደሚረግጥ። አስፋልት ላይም እንደዚያው ነው የሚሄደው።

ባቡር ሲመጣ አባዬ ከተቀመጠበት ይነሳል። ሁልጊዜ ይነሳል። ጉልበቱ ያመዋል፤ ቢሆንም ይነሳል። ልጅ ሆኜ አክብሮት ይመስለኝ ነበር። ምክንያቱ ሌላ መሆኑ የገባኝ ካደግኩ በኋላ ነው።

በብዙ የባቡር ድርጅቶች ደንብ፣ ባቡር ሲያልፍ በአቅራቢያው ያለ ሠራተኛ ሥራውን አቁሞ፣ ፈንጠር ብሎ ቆሞ ያየዋል። የሚፈልገው የታወቀ ነው፦ የጋለ ኩሽኔታ፣ ሳይለቅ የቀረ ፍሬን፣ መሬት የሚጎተት ሰንሰለት፣ የተከፈተ በር፣ ያጋደለ ጭነት። ኩሽኔታ ቅባት ሲያልቅበት መጀመሪያ ይሸታል። ቀጥሎ ይጨሳል። ዝም ከተባለ አክሰሉ ይቆረጥና ባቡሩ ከሐዲድ ይወጣል። አሁን በብዙ መስመሮች ዳር ይህን ሙቀት የሚለካ መሣሪያ ተተክሏል፤ መተከሉም ደግ ነው። ሆኖም ከአንዱ መሣሪያ እስከ ቀጣዩ ብዙ ኪሎ ሜትር አለ። በዚያ መሀል የቆመ ሰው ካለ፣ ዓይኑ ይጠቅማል።

አባዬ ጡረታ ወጥቶም የመጨረሻው ፉርጎ ሳያልፍ አይቀመጥም። ግራ እጁን ወገቡ ላይ ያደርጋል፤ በቀኙ ዓይኑን ከፀሐይ ይከልላል። ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል። እየቆጠረ ነው። አንድ ቀን አጠገቡ ተቀምጬ 14ኛው ፉርጎ ላይ ቆጠራውን አቆመ።

"ሸተተኝ" አለ።

እኔ ምንም አልሸተተኝም። ጓደኛው፣ የድሮው ነጂ፣ አፍንጫቸውን ቀና አድርገው ትንሽ ዝም አሉ። "ፍሬን ነው፤ ይዟል" አሉ። ሁለት ሽማግሌዎች በሚችሉት ፍጥነት ወደ ተረኛው ክፍል ሄዱ። ተረኛው በሬዲዮ ተናገረ። ባቡሩ ቀጣዩ ጣቢያ ላይ ቆሞ ሲታይ፣ እውነትም የአንዱ ፉርጎ ፍሬን ሳይለቅ ቀርቶ መንኮራኩሩ ግሎ ነበር። ስማቸውን የመዘገበ የለም። እነሱም አልጠየቁም። በማግስቱ ወንበሩ ላይ ነበሩ።

ጡረታ በወረቀት የአንድ ቀን ነገር ነው። ሰውነት ግን ወረቀቱን አያነብም። እኚህ ነጂ፣ እኛ ጋሼ የምንላቸው፣ እስከ ዛሬ ሌሊት 9 ሰዓት ላይ ይነቃሉ። ፈረቃቸው ይገባ የነበረው ያኔ ነው። የሚነዱት ባቡር የለም፣ የሚፈርሙት መዝገብ የለም፤ ግን ይነቃሉ። ወንበሩ ላይ ተቀምጠው የምልክት መብራት ሲቀየር ሌባ ጣታቸው ይቀሰራል። በቀስታ "አረንጓዴ" ይላሉ። ይህን ያስለመዷቸው የመጀመሪያው አለቃቸው ናቸው። ጃፓን ውስጥ ይኸው ልማድ የሥራ ደንብ ነው፤ ሠራተኛው ምልክቱን በጣቱ እያመለከተ ያየውን ጮክ ብሎ ይናገራል። እ.ኤ.አ. በ1994 የጃፓን የባቡር ቴክኒክ ምርምር ተቋም ሞክሮት፣ ማመልከትና መናገር አንድ ላይ ሲሆኑ ስህተት በ85 በመቶ ገደማ ቀንሶ አግኝቶታል። (ከዚህ በኋላ የምጠቅሳቸው ዓመቶችም በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።)

አባዬ ጡረታ በወጣ በመጀመሪያዎቹ ወራት ቤት ዋለ። ቤታችን ትንሽ ገባ ያለ ነው፤ መስኮቱ የጎረቤትን ግድግዳ ያያል። ሲተኛ እንቅልፍ አይወስደውም። ሲነሳ የሚሄድበት የለም። "ጸጥታው ያመኛል" ይለን ነበር። እኛ ዕረፍት ነው ብለን ስንደሰት፣ እሱ ከ30 ዓመት በላይ ሰዓቱን የነገረው ድምፅ ጠፍቶበት ነበር። አንድ ቀን ሳይነግረን ወጣ። አመሻሽ ላይ ሲመለስ ሁለት የድሮ ባልደረቦቹን አግኝቶ ነበር። ያን ሌሊት ተኛ። ያገኛቸው እዚያ ወንበር ላይ ነው።

ብዙ የባቡር ሠራተኛ ከጡረታ በኋላ ከሐዲዱ የማይርቅበት ሌላም ምክንያት አለ። ቤቱም ሰፈሩም እዚያው ነው። ባቡር የወለዳቸው ከተሞች አሉ። አልቱና የምትባለውን የአሜሪካ ከተማ በ1849 የቆረቆራት የባቡር ኩባንያ ነው። ድሬዳዋ በ1902 ሐዲዱ ሲደርስ ተቆረቆረች። በእንግሊዝ ስዊንደን የሎኮሞቲቭ ፋብሪካው በ1843 ሥራ ሲጀምር ለሠራተኞቹ ሰፈር ተሠራላቸው፤ ፋብሪካው በ1986 ሲዘጋ ሰፈሩ ቀረ። እንደነዚህ ባሉ ከተሞች ሰው ጡረታ ወጥቶ ወዴት ይሂድ? አባቱም ጎረቤቱም የባቡር ሰው ነው።

ወንበሩ ላይ የሚቀመጡት ጡረተኞች ብቻ አልነበሩም። ስለ ሌሎቹም ልንገራችሁ፤ ሰው አይረዳቸውም። አንድ 15 ዓመት ያልሞላው ልጅ አለ። ደብተር ይዞ የሚያልፈውን ሎኮሞቲቭ ሁሉ ቁጥር ይጽፋል። አንዲት አስተማሪ አለች፤ ድምፅ ትቀዳለች። ባቡር ድልድይ ላይ ሲወጣ ድምፁ የሚቀየርበትን ቅጽበት ነው የምትፈልገው። ካሜራ የሚይዙም አሉ። ምንም ሳይዙ መጥተው ዝም ብለው አይተው የሚሄዱም አሉ። "ባቡር ምኑ ይታያል?" የሚላቸው ብዙ ነው። ጃፓኖች ግን ለእያንዳንዳቸው ስም አውጥተውላቸዋል። ፎቶ አንሺው "ቶሪ-ቴትሱ"፣ መሳፈር የሚወደው "ኖሪ-ቴትሱ"፣ ድምፅ ቀጂው "ኦቶ-ቴትሱ" ይባላል። ስም ያለው ነገር ቦታም አለው ብዬ አስባለሁ።

እነዚህ የባቡር ወዳጆችና ጡረተኞቹ ሲገናኙ የሚሆነውን ብታዩ ደስ ይላችሁ ነበር። ልጁ የእያንዳንዱን ሎኮሞቲቭ ጉልበት በቃሉ ያውቃል። አንድ ቀን ስለ አንዱ እያጋነነ ሲያወራ ጋሼ ጣልቃ ገቡ።

"ጉልበቱስ አለው። ግን ማለዳ ሐዲዱ ጤዛ ሲይዝ ያን ሁሉ ጉልበት የት ታደርገዋለህ?"

ልጁ ዝም አለ።

"ብረት በብረት ላይ ነው፤ መንኮራኩሩ ባለበት ይዞርብሃል። ያኔ አሸዋ ትለቃለህ።"

"ባቡር አሸዋ ይጭናል?"

ጋሼ ተነስተው የቆመውን ሎኮሞቲቭ በሩቁ አሳዩት። ከመንኮራኩሩ ፊት ወደ ሐዲዱ የምትወርድ ቀጭን ቱቦ አለች። አሸዋው በእሷ በኩል ይረጫል፤ መንኮራኩሩ ሐዲዱን ይቆነጥጣል። ልጁ ያንን ሎኮሞቲቭ ብዙ ጊዜ አይቶት ያውቃል። ቱቦዋን ግን አላያትም ነበር። ቁጭ ብሎ ደብተሩ ላይ ሳላት። ከዚያ ወዲህ ለቁጥር ብቻ አልመጣም። ጥያቄ ጽፎ ይመጣ ነበር፤ ሽማግሌዎቹም መልስ ሊሰጡ ከቤት ቀደም ብለው ይወጡ ጀመር።

ይህ እንግዳ ነገር አይደለም። ሌላው ዓለም ቦታ ሰጥቶታል። በአሜሪካ፣ አልቱና አጠገብ፣ ሆርስሹ ከርቭ የሚባል በ1854 የተከፈተ ኩርባ አለ። ባቡሩ ተራራውን ለመውጣት እንደ ፈረስ ኮቴ ዞሮ ይመለሳል። በኩርባው መሀል መናፈሻ ተሠርቷል። ተመልካች እዚያ ተቀምጦ የአንድን ረጅም ባቡር ራስና ጭራ አንድ ላይ ያያል። መስመሩ ዛሬም ጭነት ያመላልሳል። መናፈሻ አለው ተብሎ ሥራው አልቆመም።

በአሜሪካዋ ጆርጂያ ግዛት ውስጥ ፎክስተን የምትባል ትንሽ ከተማ አለች። ወደ ፍሎሪዳ ከሚሄደውና ከዚያ ከሚመለሰው ባቡር አብዛኛው በእሷ በኩል ያልፋል። ከተማዋ ለተመልካቾች ጣሪያ ያለው መድረክ ሠራች። ወንበር አለው። ነጂዎችና ተቆጣጣሪዎች በሬዲዮ የሚነጋገሩትም በድምፅ ማጉያ ይሰማል። ለጡረተኛ ነጂ ይህ ምን እንደሆነ ለመገመት ጋሼን ማየት ይበቃል። ያንን ንግግር ቢሰሙ፣ ነጂው ከመመለሱ በፊት መልሱን እሳቸው ይሉት ነበር።

ከሁሉ የምወደው ግን የኖርዝ ፕላቱን ነው። በዚህች የአሜሪካ ኔብራስካ ግዛት ከተማ ያለው ቤይሊ ያርድ፣ ፉርጎዎች በየመድረሻቸው የሚለዩበት በዓለም ትልቁ ግቢ ነው፤ ርዝመቱ 13 ኪሎ ሜትር ገደማ። ሺህ ዓይነት ሥራ የሚሠራበት ግቢ ሰው ዝም ብሎ አይገባበትም፤ ልክም ነው። ስለዚህ በ2008 ከዳር በኩል ረጅም መመልከቻ ማማ ተከፈተ። ላይ ወጥቶ ታች ለሚያይ ጎብኚ የሚያስረዱት በጎ ፈቃደኞች ናቸው፤ በባቡር ሥራ አርጅተው ጡረታ የወጡም አሉባቸው። "ያ ፉርጎ ለምን ብቻውን ይንከባለላል?" ብሎ የሚጠይቅ ሕፃን፣ መልሱን የሚያገኘው በሥራው ካለፈበት ሰው አፍ ነው። ድርጅቱ ሠራተኛውን በጡረታ አሰናብቶ ዕውቀቱን ግን እዚያው አቆየው።

የወዳጆቹንም ብርታት አትናቁ። ዌልስ ውስጥ ታሊሊን የሚባል ጠባብ ሐዲድ አለ። በ1865 የተከፈተው የጣሪያ ድንጋይ ከካባ ለማውረድ ነበር። በ1950 ባለቤቱ ሲሞቱ መስመሩ ሊዘጋ ተቃርቦ ነበር። የባቡር ወዳጆች ተሰበሰቡና በ1951 በበጎ ፈቃድ ያንቀሳቅሱት ጀመር። እንዲህ ሲደረግ በዓለም የመጀመሪያው ነው። ከወዳጆቹ አብዛኛው ሥራውን አያውቀውም ነበር፤ ጥቂት የቀድሞ ሠራተኞች አብረዋቸው ቆዩ። ፍቅሩ ከአንዱ ወገን፣ ሙያው ከሌላው መጣ። መስመሩ አሁንም ይሠራል።

አሁን ወደ እናንተ ስጋት ልምጣ። እናንተ የምትሉትን አውቃለሁ፤ ከፊሉ እውነት ስለሆነ በደንብ ልናገረው።

ሐዲድ አደገኛ ቦታ ነው። ይህን ለአባዬ ማስረዳት አያስፈልግም፤ ከሐዲድ ላይ ባልደረባ አንስቷል። ጭነት ይዞ በሙሉ ፍጥነት የሚሄድ ረጅም ባቡር ፍሬን ከተያዘበት በኋላ ለመቆም 1 ኪሎ ሜትር ተኩል እና ከዚያም በላይ ሊፈልግ ይችላል። ነጂው አይቶህም ሊያደርግልህ የሚችለው ጡሩምባ መንፋት ነው። ባቡሩ ደግሞ ከሐዲዱ ይሰፋል፤ በየጎኑ ወደ 1 ሜትር ገደማ ወጣ ይላል። "ሐዲዱ ላይ አልቆምኩም" ያለ ሰው በዚህ ሞቷል። በብዙ አገር በኤሌክትሪክ ባቡር መስመር ላይ የተዘረጋው ሽቦ 25 ሺህ ቮልት ይሸከማል፤ ሳይነኩትም ኤሌክትሪኩ ሊዘል ይችላል። የፎቶ ፍላሽ የነጂን ዓይን ያጭበረብራል።

ወዳጆች ያጠፉበት ጊዜም አለ። በየካቲት 2016 ፍላይንግ ስኮትስማን የሚባለው ታዋቂ የእንፋሎት ሎኮሞቲቭ ታድሶ ከለንደን ወደ ዮርክ ሲጓዝ፣ ፎቶ ሊያነሱ ሐዲድ ላይ በወጡ ሰዎች ምክንያት መንገድ ላይ ቆሟል። አፍሬበታለሁ። ያንን ያደረገ ሰው ባቡር ወዳጅ ነኝ ሊል አይገባውም።

ታዲያ ከዚህ ምን ይከተላል? እናንተ "ወንበሩን እናንሳ" አላችሁ። ሰዎቹ ግን አልቀሩም። አይቀሩምም። ባቡር እስካለ ድረስ የሚያየው ሰው አለ። ወንበር ያጣ ሰው ቁልቁለት ላይ ይቆማል፤ የተቀደደ አጥር ይፈልጋል፤ ድልድይ ጥግ ይደገፋል። መድረኩ ላይ ሲቀመጥ ተረኛው ያየዋል። ቁልቁለቱ ላይ የሚያየው የለም። በብሪታንያ የባቡር መሠረተ ልማቱን የሚያስተዳድረው ኔትወርክ ሬይል ለባቡር ወዳጆች መመሪያ አውጥቷል፤ የት እንደሚቆሙ፣ ምን እንደማያደርጉ ተጽፏል። ቢኤንኤስኤፍ የተባለው የአሜሪካ የጭነት ባቡር ድርጅትም በ2006 ወዳጆቹን ራሳቸውን አስመዝግቦ፣ ያልተለመደ ነገር ሲያዩ የሚደውሉበት መስመር ሰጣቸው። እነዚህ ድርጅቶች ስለ አደጋ ከእናንተ ያነሰ የሚጨነቁ አይመስለኝም።

ባቡር የማይወድ ጎረቤትም አለ፤ እሱንም አልረሳሁም። የዓለም ጤና ድርጅት በ2018 ለአውሮፓ ባወጣው ምክር የባቡር ድምፅ በቀን አማካይ ከ54 ዴሲቤል በታች እንዲሆን ይላል። ሌሊት እንቅልፍ ለሚነሳው ሰው የድምፅ መከላከያ ግድግዳ ይሠራለት። ግድግዳው ሲሠራ ግን አንዲት ጥግ ላይ ለሚያዩ ሰዎች ቦታ ይተው። ሁለቱ አይጣሉም።

ስለ ዕውቀቱ ትንሽ ልቆይ፤ እንቅልፍ የሚነሳኝ እሱ ነው።

የድሮ ሐዲድ በቁራጭ ነበር የሚነጠፈው፤ በየመጋጠሚያው ክፍተት ይተዋል። ያ "ተክ-ተክ፣ ተክ-ተክ" የሚለው ድምፅ መንኮራኩሩ ክፍተቱን ሲረግጥ የሚወጣ ነው። ክፍተቱ የተተወው ብረት ሲሞቅ ስለሚረዝም ነው። አንድ ኪሎ ሜትር ሐዲድ ሙቀቱ በ30 ዲግሪ ቢጨምር፣ የሚይዘው ነገር ከሌለ ወደ 35 ሳንቲ ሜትር ይረዝማል። የሚሄድበት ካጣ ይታጠፋል። የዛሬው ሐዲድ ተበይዶ አንድ ስለሆነ፣ በጠጠሩና በማሰሪያው ኃይል ነው ተይዞ የሚቆመው። አባዬ ሁለቱንም ሠርቷል። በሐሩር ቀን ሐዲዱን ጎንበስ ብሎ በአንድ ዓይኑ ይመለከትና "እዚህ ጋ ተጨንቋል" ይላል። ምን እንዳየ ስጠይቀው እጁን በአየር ላይ ቀስ አድርጎ ያጎብጣል። በቃል አይወጣለትም። አጠገቡ ሆኖ አብሮት ያየ ሰው ግን ይማረዋል።

ሌላም አለ። ከድልድዩ አለፍ ብሎ፣ ሐዲዱ በየክረምቱ ትንሽ የሚሰምጥበት ቦታ አለ። ጠጠር ይጨመርለታል፤ በዓመቱ ይሰምጣል። አባዬ ምክንያቱን ያውቃል። ከሥሩ አሮጌ የድንጋይ መውረጃ አለ፤ ሥራ በጀመረባቸው ዓመታት ግማሹ ተደፍኗል። ይህን የሚያውቁት ሁለት ሰዎች ነበሩ። አንደኛው አምና አረፉ። አንድ ወጣት ቴክኒሻን ወንበሩ ድረስ እየመጣ ይጠይቀው ጀምሮ ነበር። ካርታ ይዞ ይመለሳል ተብሎ ሲጠበቅ ወንበሩ ተነሳ። ወጣቱ አባዬን የት እንደሚያገኘው አያውቅም።

እንግሊዝ አገር በ1963 የወጣው ታዋቂ ዕቅድ 2,363 ጣቢያዎች እንዲዘጉ ሐሳብ አቅርቦ ነበር። ከእነዚያ ውስጥ ብዙዎቹ ተዘጉ። ጣቢያ ሲዘጋ ሕንፃው ይታወሳል፤ ፎቶ አለው። በእያንዳንዱ ጣቢያ ግን የትኛው የሐዲድ መቀየሪያ በብርድ እንደሚደርቅ፣ የትኛው ሲግናል በጠዋት ፀሐይ እንደማይታይ የሚያውቅ ሰው ነበር። ያ ፎቶ አይነሳም። ሰውየው በሕይወት እያለ ካልተጠየቀ አብሮት ይቀበራል።

ስለዚህ የምጠይቀውን በግልጽ ልናገር። ከሁሉ በፊት ወንበሩ ይመለስ። አዲስ አይደለም የምንፈልገው፤ ያው የድሮው ይበቃናል። ከላዩ ጥላ ቢኖረው ደግሞ እግዚአብሔር ይስጥልን። ከመድረኩ ጫፍ በቂ ርቀት ይኑረው፤ ከፊቱ ወገብ የሚደርስ ጠንካራ አጥር ይቁም፤ የምታምኑበት ደንብ በሰሌዳ ይጻፍ። ሽማግሌዎቹ ደንቡን ከማንም በላይ ያስከብሩላችኋል፤ ቢጫውን መስመር የረገጠ ልጅ ከጋሼ ቁጣ አያመልጥም። የጋለ መንኮራኩር ሲያዩ የሚደውሉበት አንድ ስልክ ቁጥር ስጧቸው። ወጣት ሠራተኞቻችሁን አልፎ አልፎ ከወንበሩ ጋር አገናኟቸው፤ ለሥልጠና ከምታወጡት ሁሉ ይህ ምንም አያስወጣችሁም። ካርታና መቅረጫ ይዛችሁ አንድ ከሰዓት አጠገባቸው ብትቀመጡ የምታገኙትን አታምኑም። በዓመት አንድ ቀን የጥገና ጋራዡን ክፈቱላቸው። የሠሩበትን ቦታ ከነልጅ ልጆቻቸው ይዩት።

እኛም የድርሻችንን እንገባለን። እኔ፣ አስተማሪዋ፣ የልጁ እናት ተነጋግረናል። ቦታውን እናጸዳለን። ልጆች ብቻቸውን እንዳይቀመጡ ተራ እንይዛለን። ፍላሽ የሚጠቀም አይኖርም። ሐዲድ ላይ የሚወርድ ሰው ካለ ከእኛ ጋር አይቀመጥም።

አባዬና ጋሼ አሁን የሚቀመጡት ከጣቢያው አጥር ውጭ፣ ቁልቁለቱ ላይ፣ ድንጋይ ላይ ነው። አፈሩ ልል ነው። ከቀኑ 10 ሰዓት ላይ የጭነቱ ባቡር ይመጣል። አባዬ እንደ ልማዱ ይነሳል። እጁን ግንባሩ ላይ ያደርግና መቁጠር ይጀምራል። እኔ እንዳይንሸራተት ከኋላው ሆኜ ቀበቶውን እይዛለሁ። የመጨረሻው ፉርጎ እስኪያልፍ እንደዚያው እንቆያለን።

ወንበሩን አይቼዋለሁ። ከጣቢያው ጀርባ ከአሮጌ ቆርቆሮ ጋር ተጥሏል። የሚያነክሰውን እግሩን እኛው እንጠግነዋለን፤ አባዬ መፍቻውን አዘጋጅቷል።

ከአክብሮት ጋር፣

የአንድ ሐዲድ ጠጋኝ ልጅ